የጠየቅሽኝ የማያስረጅ ቅባት

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ እንደ አሮጌ በር ይጮሃል ያልሽኝ ጉልበትሽ ዝም አለ ወይስ አሁንም ወሬውን ቀጥሏል? እማዬ እንቅልፏ ተመለሰላት? የጀመረችውን ሾርባ ትጨርሳለች ወይስ አሁንም ግማሹን ለድመቷ ትላለች? ባለቤትሽ ሾፌሩ ወገቡን ታየ? ልጅሽስ ፈተናዋን አለፈች ወይስ እንደ እናቷ የተሳሳተው ጥያቄው ነው ብላ መጣች? እኔ ለጠያቂዬ ደህና ነኝ፤ ቆሜ እውላለሁ፣ ተኝቼ አድራለሁ፣ የበላሁት ይስማማኛል። ናፍቆቱን ግን አትጠይቂኝ፤ እሱን ሐኪም አልመረመረውም።

ይህን በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ ስናወራ እማዬ አጠገብሽ ተቀምጣ እያንዳንዷን ቃል ትለቅማለች፤ በኋላ ትርሳው እንጂ መስማቱንስ ትሰማለች። የድምፅ መልእክት እንዳልልክልሽ ደግሞ አንቺ እስከ መጨረሻው ከፍ ካላደረግሽው አይሰማሽም፤ ካደረግሽው ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። ደግነቱ አብራኝ የምትሠራው ቅባት አማሳይዋ ቤተሰቦቿን ለማየት ወደዚያ ልትመጣ ነውና ደብዳቤውን ከትንሽ ዕቃ ጋር አሽጌ ሰጥቻታለሁ። ዕቃውን ከመክፈትሽ በፊት ደብዳቤውን አንብቢ። አውቅሻለሁና፣ ይሄኔ ዕቃውን ዘርግፈሽ ጨርሰሽ ነው ይህን የምታነቢው። አማሳይዋ ስለ እኔ ከስታለች ካለችሽ አትመኛት። እሷ ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የምትለው፣ ደስ ይላቸዋል ብላ።

ከወጥ ቤት ሆነሽ በሹክሹክታ የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከኋላሽ ውሃ ይንፏፏል፤ እማዬ እንዳትሰማሽ ቧንቧውን ከፍተሽ መሆኑ ገብቶኛል። ያልሽውን እዚህ የምደግመው ላሳፍርሽ ሳይሆን በትክክል እንደሰማሁሽ እንድታውቂ ነው። አንቺ እዚያ ቅባት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠሪው፣ ካላችሁ ሁሉ የበረታውን ላኪልኝ አልሽ። ለአንድ ወር እንኳ ቢሆን የሃያ አምስት ዓመት ፊቴን መልሱልኝ አልሽ። እማዬ አንድ ቀን ቀጮ ብላ ትጥራኝ እንጂ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም አልሽ። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋሽው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። የዚያን ቀን በምስል ስንደዋወል ስልኩን አንቺ ነበርሽ የያዝሽላት። እማዬ ገና ስታየኝ ፊቷ በራ። ድንቡሼ አለችኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ድንቡሼ፣ አንቺ ቀጮ ነን፤ በሌላ ስም ጠርታን አታውቅም። ምሳ በላሽ ወይ፣ ለምን ዘገየሽ፣ ፀጉርሽን ማን ቆረጠው እያለች ጠየቀችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ስቀባጥር እህትሽ ቀጮ ግን ወዴት ሄዳ ነው አለችኝ። እዚህ አንዲት አሮጊት ሴትዮ ናት የምታበላኝ፣ ማን እንዳመጣት አላውቅም አለችኝ። ያን ጊዜ ስልኩ ላይ የቤታችን ጣሪያ ብቻ ታየኝ። እጅሽ ዝቅ ብሎ ኖሯል። አንቺ የምታጥቢያት፣ የምታለብሻት፣ ከጎኗ የማትጠፊው ሴትዮ ሆንሽ፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ እጄን የማወዛውዘው ልጅ ሆንኩ። አንቺም ኔትወርኩ አስቸገረ ብለሽ ዘጋሽው። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር።

እንግዲህ ስለ ቅባቱ ልንገርሽ። መልሴን የምሰጥሽ መጀመሪያ የምትለምኚው ነገር ምን እንደሆነ ካወቅሽ በኋላ ነው።

ፋብሪካ ስልሽ ትልቅ ነገር አይምሰልሽ። ቀድሞ የጎማ መጋዘን የነበረ አንድ ረጅም አዳራሽ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ እስካሁን ጎማ ጎማ ይሸታል። በአንድ ጥግ ሁለት ትልልቅ ድስቶች አሉ። በመካከሉ ብልቃጥ የምንሞላበት የብረት ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በወዲያኛው ጫፍ በመስታወት የተከለለች የአሠሪያችን ቢሮ አለች፤ እዚያ ሆኖ ሁላችንንም ያየናል፣ እኛም እሱን እናየዋለን፣ ሁለታችንም ሥራ ላይ ያለን ለመምሰል እንጣጣራለን። የኔ ሥራ ቅባቱን መሙላት፣ ክዳኑን ማጥበቅና ወረቀቱን መለጠፍ ነው። ድስቱ ውስጥ የሚገባውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ሰም፣ ዘይት፣ ውሃና ሽቶ ነው። አዲስ ቅባት ወጣ ሲባል የሚለወጠው ሽቶውና የብልቃጡ ቀለም ነው።

አሠሪያችንን በሌለበት ሊቁ እንለዋለን። ወደዚህ ሥራ ከመግባቱ በፊት የግድግዳ ቀለም ነጋዴ ነበር፤ ስለዚህ የሰው ፊት የሚያየው እንደ ግድግዳ ነው። ሲያነጋግርሽ ዓይኑ ዓይንሽ ላይ አያርፍም፤ ግንባርሽ ላይ የተሰነጠቀ ቦታ ይፈልጋል። አጭበርባሪ እንዳይመስልሽ። አጭበርባሪ ቢሆንማ በተሻለ ነበር፤ አጭበርባሪ የት ላይ እንደሚያቆም ያውቃል። እሱ የሚናገረውን ሁሉ ከልቡ ያምናል፣ ጠዋት ማታ የራሱን ቅባት ይቀባል፣ ዕድሜው ስልሳ ነው፣ ስልሳም ይመስላል።

እኔ ስቀጠር የሠራነው ወደ ላይ የሚሄደውን ቅባት ነበር። ሊቁ እንደሚለው ሰው የሚያረጀው መሬት ስለምትስበው ነው። ጉንጭ ወደ ታች፣ አገጭ ወደ ታች፣ የዓይን ቆብ ወደ ታች፤ ሁሉም ወደ እሷ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ላይ የሚጎትት ቅባት ያስፈልጋል። ቅባት ደግሞ በተፈጥሮው የለመደው መፍሰስ ስለሆነ መማር አለበት። ብልቃጦቹን በሙሉ ደፍተን መደርደሪያ ላይ እንድናከርማቸው አዘዘን። ተደፍቶ የከረመ ቅባት ሲገለበጥ አቅጣጫው ይዞርበታል፣ ፊት ላይ ሲያርፍ ሽቅብ ይሮጣል አለን። ወረቀቱንም ዘቅዝቀን ለጠፍነው። በሳምንቱ መደርደሪያው ተነከረ፣ ከመደርደሪያው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ፣ አማሳይዋ አንሸራትቷት ከነማማሰያዋ ወደቀች። ቅባቱ ወደ ታች እየሄደ ነው ብለን ስንነግረው ትንሽ አሰበና ይኼ ገና ያልበሰለው ነው አለን።

ከዚያ ጊዜ የማይገባበት ክፍል መጣ። ቅባት የሚበላሸው፣ ቆዳም የሚያረጀው ቀኑ መሄዱን ስለሚሰማ ነው ብሎ አንዲቷን ጓዳ ከቀን ጋር አቆራረጣት። መስኮቷን ጋረደ፣ ግድግዳዋ ላይ ዘመኑ ያለፈ የቀን መቁጠሪያ ሰቀለ። ወደዚያ የሚገባ ሰው የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ነው የሚገባው። ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ ብሎ መናገር ክልክል ነው። እኔና አማሳይዋ ብልቃጥ ልናመጣ ስንገባ ሬሳ ያለበት ቤት የገባን ይመስል ድምፃችንን እናጠፋለን። አንድ ጊዜ ረስታ ነገ ዕረፍት ነው ብትለኝ ሊቁ ከመስታወቱ ማዶ ሰምቶ ሮጦ መጣና ያ መደርደሪያ አረጀ ብሎ በቅናሽ አሸጠው። በነገራችን ላይ ቀሪው ቅባት ቀኑን ማንም ሳይነግረው በራሱ ጊዜ ሻገተ።

እኔ ራሴ የገባሁበት ጉድ የግማሽ ፊት ሙከራ ነው። ሊቁ ሳይንስ ማለት ማወዳደር ነው ብሎ ግራ ጉንጬን ብቻ በየቀኑ እንድቀባ፣ ቀኙን ደግሞ ለምስክርነት እንድተወው ነገረኝ። እኔም ታማኝ ሠራተኛ ነኝና ተቀባሁ። ችግሩ አንዳንድ ቀን መስታወት እያየሁ እቀባለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሳላይ እቀባለሁ። መስታወት ውስጥ ያለችው ሴት ግራዋ የቱ እንደሆነ አንድም ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ጊዜው ሲደርስ ወንበር ላይ አስቀምጠው አጉሊ መነጽር ይዘው ከበቡኝ። ሊቁ ግራው ነው የተዋበው አለ፣ አማሳይዋ ቀኙ ነው አለች፣ ካርቶን የሚጭነው ሰውዬ ደግሞ ሁለቱም ደክሟቸዋል አለ። ሊቁ ተክዞ ቢሮው ገባ። ሲወጣ ዓይኑ ያበራል። ቆዳ ለቆዳ ያወራል፤ ግራው የተቀባውን ለቀኙ ነግሮታል ማለት ነው አለን።

ከዚያ የጎረቤት ቅባት የሚባለው ተወለደ። ፊት አይነካም፤ ክርን ነው የሚቀባው። ክርን ይቀባል፣ ወሬው በክንድ በኩል ወጥቶ በአንገት አድርጎ ፊት ይደርሳል። በረጅም ርቀት ምክንያት ትንሽ ሊዘገይ ይችላል ብለን ወረቀቱ ላይ ጽፈናል። ታምኛለሽ? ከሁሉ አብልጦ የተሸጠው እሱ ነው። አማሳይዋ ፊቴ ሰምቷል ብላ ትምላለች። የኔ ፊት እስካሁን የሰማው ነገር የለም፤ ክርኔ ግን እንዲህ ለስልሶ አያውቅም።

አንድ ቀን ደግሞ ጡረታ የወጡ አስተማሪ መጡ። ጥንቅቅ ብለው የለበሱ፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው የያዙ ሴት ናቸው። ቅባታችሁን ሁለት ብልቃጥ ጨረስኩ፣ ባለቤቴ ግን ልዩነት አላየም ብለው በትህትና አመለከቱ። ሊቁ አላፈረም፣ አልተቆጣምም። ባለቤትዎ መነጽር ያደርጋሉ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አዎ ቢሉት ታዲያ ችግሩ እሳቸው ዘንድ ነው አላቸው። እዚያው በቆመበት፣ በሚያየው ሰው የዓይን ቆብ ላይ የሚቀባ ቅባት እንደሚሠራላቸው ቃል ገባ፤ የሚታየውን ትቶ የሚያየውን የሚያክም። አስተማሪዋ ሳቃቸውን ቢይዙም አልሆነላቸውም፤ እየሳቁ ወጡ። እኔም ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ግን ከግኝቶቹ ሁሉ ወደ እውነት የተጠጋው ያ ነበር።

በዚህ ሰሞን የተያዝነው ዋናው በሚለው ሥራ ነው። ሊቁ መጨማደድ አይጠፋም፣ ቦታ ይለውጣል የሚል ሕግ አግኝቷል። ከግንባር ያባረርሽው አንገት ላይ ያርፋል። ከአንገት ብታባርሪው ደረት ላይ፣ ከዚያ ሆድ ላይ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል፤ በመጨረሻ ተረከዝ ይደርስና መውጫ ሲያጣ ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀ ተረከዝ ማለት አንድ ጊዜ ፊት ላይ የነበረ ሐሳብ ነው ይላል። ለእያንዳንዱ ማረፊያ አንድ አንድ ብልቃጥ እያዘጋጀን ነው። እዚህ ላይ አልሳቅሁም። ቦታ ስለመለወጥ ትንሽ የማውቀው ነገር አለ፤ እኔም አልጠፋሁም፣ ቦታ ለወጥኩ እንጂ። ያንቺ ተረከዝም ትዝ አለኝ። ይህ ሕግ እውነት ከሆነ የቤታችን ሐሳብ በሙሉ ያለው አንቺ ተረከዝ ላይ ነው።

ለዚሁ ቅባት ማስታወቂያ ይሠራ ተብሎ ፎቶ አንሺ መጣ። ከመቀባቷ በፊትና ከተቀባች በኋላ የሚሉ ሁለት ፎቶዎች ናቸው የሚፈለጉት። ለበፊቱ ሊቁ አዳራሹን ዞር ዞር ብሎ አየና ጣቱ እኔ ላይ አረፈ። የአንቺ ፊት እውነተኛ ነው አለኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም። ለበኋላው ከወር በኋላ የምጠራ መስሎኝ ነበር። ፎቶ አንሺው ግን አንዱን አነሳና ከወንበሩ ሳልነሳ ሌላውን ደገመ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያሳየኝ አፌን ያዝኩ። በአንዱ እኔ ነኝ፤ ከዓይኔ ሥር ያለው ጥላ፣ አፌ ዙሪያ ያለው መስመር፣ ሁሉም በየቦታው ነው። በሌላው ግን ሻንጣዋን ይዛ ከናንተ የተለየችው ልጅ ናት።

ምን አድርገህ ነው ብዬ ብጠይቀው ምንም አላደረግሁም፣ ስልኩ ነው አለኝ። ፊት የሚያለሰልስ ነገር አለው፣ ካላጠፉት በራሱ ይሠራል አለኝ። ቀጥሎም ስልኬን ተቀብሎ ነካ ነካ አደረገና ይኸው፣ ያንቺም ከተገዛ ጀምሮ እንደበራ ነው አለኝ። ሊቁ ይህን ሲሰማ ክው አለ። ስልክ በነፃ እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ እኛ ምን እንበላለን እያለ ቢሮው ውስጥ ይንጎራደድ ጀመር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

ገባሽ እትዬ? እማዬ ያን ቀን ያወቀችው እኔን አይደለም። ስልኩ ቀለም የቀባውን ግድግዳ ነው ያወቀችው። አንቺ በገዛ ፊትሽ ሾርባ ይዘሽ አጠገቧ ቆመሽ ሳለ እኔ በተለሰነ ፊት ከሩቅ ሆኜ ልጅነትን ወሰድኩ። በጣም አፈርኩ። ወደ ቤት ስመለስ በየሱቁ መስታወት ፊቴን እያየሁ ነው የሄድኩት።

በዕረፍት ቀኔ ያንን ነገር አጠፋሁትና ደወልኩ። አንቺ ገበያ ሄደሽ ኖሮ ስልኩን ያነሳችው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት፤ እማዬን እንድትጠብቅልሽ ትተሻት። መደወሌን አልነገረችሽም። አትቀየሚያት፣ እኔ ራሴ ልንገራት ብዬ አደራ ስላልኳት ነው። ስልኩን ለእማዬ አቀረበችላት። እማዬ ትክ ብላ አየችኝ። እንደገና አየችኝ። ከዚያ መቀመጫዋ ላይ ቀና ብላ ነጠላዋን አስተካከለችና ጤና ይስጥልኝ፣ እርስዎ የማን ነዎት አለችኝ። እናቴ አንቱ አለችኝ።

ሳቄና እንባዬ አብረው መጡ። አንቺ በየቀኑ የምትቀምሽውን እኔ ያኔ ነው የቀመስኩት፤ መራራነቱን በወሬ ሳይሆን በአፌ አወቅሁት። የቀጮ ወዳጅ ነኝ አልኳት። መቼም ይህ ውሸት አይደለም።

የቀጮ ወዳጅ መሆኔን ስትሰማ ግንባሯ ብቻ እስኪታየኝ ድረስ ወደ ስልኩ ተጠጋች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እዚህ አንዲት ሴትዮ አለች አለችኝ። ቁጡ ናት፣ መድኃኒቱን ዋጪ እያለች ትጨቀጭቀኛለች አለችኝ። እጇ ከባድ ነው፣ ፀጉሬን ስታበጥር ጭንቅላቴን ልትነቅለው ምንም አይቀራት አለችኝ። ሾርባዋ ግን ሁልጊዜ ትኩስ ነው። ሲጠሯት አትዘገይም። እግሬን ስታጥብ ውሃውን በመጀመሪያ በራሷ እጅ ትሞክረዋለች። ምስኪን ናት፣ የራሷ ሰው ያላት አይመስለኝም፣ ቤቷ ስትሄድ አይቻት አላውቅም አለችኝ።

ከዚያ በሩን ገልመጥ አደረገች፤ እንዳትመጪባት ነው። እርስዎ የቀጮ ወዳጅ ከሆኑ አንድ ነገር ይንገሩልኝ አለችኝ። ቀጮ አንድ ቀን መምጣቷ አይቀርም፣ እኔ ልጄን አውቃታለሁ፣ ስትመጣ ደግሞ ሥራውን ሁሉ እኔ ካልያዝኩ ማለቷ አይቀርም። ይህቺን ሴትዮ ግን እንዳታስወጣብኝ። በዚህ ዕድሜዋ ወዴት ትሄዳለች? ቤቱ እንደሆነ አይጠበንም፤ ቀጮ ከእኔ ጋር ትተኛለች፣ ሴትዮዋም አልጋዋ ላይ ትቆያለች። እኔ ባልኖርም እንኳ አታስወጧት ይበሏት። ቃል ይግቡልኝ አለችኝ። ቃል ገባሁላት። ልብስ ሰፊዋ ከስልኩ ጀርባ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።

እና ለልመናሽ መልሴ ይኸው ነው፤ ቅባቱን አልልክልሽም። ስለማይሠራ ብቻ አይደለም። አለመሥራቱን እስካሁን ከጻፍኩት ተረድተሽዋል። ምናልባት ቢሠራስ ብዬ ፈርቼ ነው። ከሊቁ ቅባቶች አንዱ ተሳስቶ ቢሠራና አንድ ጠዋት በሃያ አምስት ዓመት ፊትሽ ሾርባውን ይዘሽ ብትገቢ፣ እማዬ ቀጮ ትልሻለች፣ አገላብጣ ትስምሻለች፣ ከዚያ አንገቷን አስግጋ ከጀርባሽ ሰው ትፈልጋለች። ሴትዮዋስ፣ ምን አደረግሻት ትልሻለች። ያን ጊዜ ምን ብለሽ ልትመልሺላት ነው?

ስምሽን እንድትጠራልሽ እንደምትናፍቂ አውቃለሁ። እሱን የሚመልስ ብልቃጥ የለንም፤ ቢኖረን ከመደርደሪያው ሰርቄም ቢሆን እልክልሽ ነበር። ልጅ ሳለሽ መውደዷ፣ ወልዳሻለችና ግዴታዋ ነበር። አሁን ግን ማን እንደሆንሽ ሳታውቅ፣ ቁጣሽንና ከባድ እጅሽን እያወቀች፣ አታስወጡብኝ አለች። ይህን ውጬ ብቀር ኖሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ያፍነኝ ነበር።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ለስላሳው የፀጉር ብሩሽ ለእማዬ ነው። ቀስ ብለሽ፣ ከጫፉ ጀምረሽ፣ በሌላው እጅሽ ሥሩን ያዝ አድርገሽ። እማዬ በዚህ ነገር ሙሉ በሙሉ ትክክል ናት፤ ልጅ ሆነን የኔንም ስታበጥሪ ያስለቀስሽኝን ጭንቅላቴ አልረሳውም። ብልቃጡ ውስጥ ያለው የጎረቤት ቅባት ነው። ክርንሽንም ፊትሽንም ተዪና ማታ እግርሽን ታጥበሽ ተረከዝሽን ቀቢው። ሰምና ዘይት ስለሆነ ለተሰነጠቀ ነገር ደግ ነው። ወሬው ፊትሽ ድረስ ከደረሰ ለሊቁ እንዳትጽፊለት፤ አዲስ ብልቃጥ ያስጀምረናል።

ስልኬ ላይ ያለውን ማለስለሻ እንዳጠፋሁት ትቼዋለሁ። እማዬ ድንቡሼን በጣም ስትናፍቅ ብቻ ንገሪኝና አበራዋለሁ፤ እሷን አላስለቅስም። በሌላው ጊዜ ግን በራሴ ፊት እደውላለሁ፣ አንቱ ትበለኝ። ስለ ሴትዮዋ የምታማልኝ እንደሆነ ጆሮዬ ክፍት ነው።

ለባለቤትሽ ለሾፌሩ ወገቡን ሳይታይ መሪ እንዳይጨብጥ ንገሪልኝ፣ ሰላም በይልኝ። ለልጅሽ ፈተናዋን ብታልፍም ባታልፍም አክስትሽ ትወድሻለች በያት፤ ብታልፍ ግን ይሻላል። ልብስ ሰፊዋን ስለ አፏ መጠበቅ አመስግኚልኝ። ድመቷንም የሾርባው ነገር ይቅርባት በያት። እማዬን ግንባሯ ላይ፣ ስልኩ ላይ የታየኝ ቦታ ላይ፣ ሳሚልኝ። ለቀጮ ሰላምታዬ ይድረሳት። ለዚያች ሴትዮም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ቀጮ ስትመጣ ማንም እንደማያስወጣት ቃል ገብቼላታለሁና አልጋዋን ሳትለቅ ትጠብቅ።

ታናሽሽ ድንቡሼ

ከቅባት ቤቱ ማዶ፣ ከሦስተኛው ፎቅ የመጨረሻዋ ክፍል
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ ሲጋመስ